ዘለላና ጊዜ፦ በጂን መገለጥ መረጃ ውስጥ ሥርዓትን ስለ መፈለግ

በአማርኛ ሲነገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች «ምደባ» በሚለው አንድ ቃል በቀላሉ ይጠቀለላሉ። አንደኛው ሥራ መደቦቹ አስቀድመው ታውቀው፣ አዲስ የመጣው ነገር የየትኛው መደብ እንደሆነ መወሰን ነው፤ አንድን የድምፅ ቅጂ አዳምጦ ተናጋሪው የጎንደር ነው ወይስ የወሎ ብሎ እንደ መለየት። ሁለተኛው ሥራ ግን የታወቀ መደብ በሌለበት፣ ከመረጃው ውስጥ የሚመሳሰሉትን እያሰባሰቡ መደቦቹን ራሳቸውን ማውጣት ነው። በዚህ ጽሑፍ «ምደባ» ለፊተኛው ብቻ ተትቶ፣ ከሁለተኛው ሥራ የሚገኘው ስብስብ «ዘለላ» ተብሏል። «ዘለለ» የሚለው ግስ በሌላ ትርጉም ስለተያዘ፣ ለድርጊቱ «ማቧደን» የሚለው ተወስዷል። ዘለላ የሚለው ስም አንድ አደጋ አለው። የወይን ዘለላ ፍሬዎቹን የሚያያይዝ ግንድ አለው፤ ኮምፒውተር የሚያወጣው ዘለላ ግን ፍሬዎቹ ተቀራርበው መገኘታቸውን እንጂ ግንዱን አያሳይም። ግንድ መኖር አለመኖሩን መመርመር ለተመራማሪው የሚቀር ሥራ ነው።

ሌላው ቃል «መገለጥ» ነው። በሕዋስ ውስጥ ያለ ጂን ሁልጊዜ አይሠራም። ሥራ ላይ ሲውል ቅጂው በመልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. መልክ ይወጣል፤ የቅጂው ብዛት ሲለካ ጂኑ በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደተገለጠ ይታወቃል። «አገላለጽ» የሚለው ቃል ሁኔታን፣ ይልቁንም የንግግርን ስልት ስለሚያመለክት ለዚህ አይስማማም። «መገለጥ» ሃይማኖታዊ ድምፀት ቢኖረውም ተሰውሮ የነበረ ነገር መታየቱን ስለሚናገር ወደ ጉዳዩ ይቀርባል። የጂን መገለጥ በአንድ ጊዜ ብቻ ከተለካ ፎቶግራፍ ነው። በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ ከተለካ ግን ለእያንዳንዱ ጂን አንድ መስመር ይገኛል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዘግይቶ ይነሣል፣ ወይም ሳይነቃነቅ ይቀራል። በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ መስመሮችን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የማቧደን ስልተ ቀመሮች የገቡት ለዚህ ነው።

ይህን ዓይነት መረጃ ያስገኘ አንድ ጥናት ከናይሮቢ ጋር የተያያዘ ነው። ከኪሊማኒ ተነሥቶ በዋያኪ ዌይ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ካቤቴ ሲደርስ የዓለም አቀፉን የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ግቢ ያገኛል። (ኪሊማኒ የሚለው ስም ራሱ በስዋሂሊ ኮረብታ ማለት ከሆነው «ኪሊማ» እና ቦታን ከሚያመለክተው «‑ኒ» የተሠራ ነው።) ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በናይሮቢ የነበረ የእንስሳት በሽታዎች ምርምር ላቦራቶሪና በአዲስ አበባ የነበረ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ተዋሕደው ነው፤ እስከ ዛሬም በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ከቆዩ ጥያቄዎቹ አንዱ የኢትዮጵያ ገበሬ «ገንዲ» የሚለው፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ደግሞ ከዙሉ በተወሰደው «ናጋና» በሚለው ስም የሚታወቀው የከብት በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ የተባለ የደም ተሐዋሲ ሲሆን፣ ዋና አስተላላፊው የቆላ ዝንብ ነው። በጊቤና በዴዴሳ ሸለቆዎች ለም መሬት እያለ በሬ ጠምዶ ማረስ የሚያስቸግርበት ምክንያት ይኸው ነው።

የምዕራብ አፍሪካው እንዳማ የተባለው የከብት ዝርያ በተሐዋሲው ቢያዝም ደሙ እንደ ሌሎቹ አይመናመንም፤ እንደታመመ እየኖረ ያመርታል። መነሻው የደቡብ ኢትዮጵያ ቦረና የሆነውና በኬንያ አርቢዎች ዘንድ ለሥጋ የተከበረው ቦራን ግን ካልታከመ ይዳከማል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ለንጽጽሩ እንዳማዎች ወደ ኬንያ የመጡት ጋምቢያ ውስጥ በተወሰዱ ፅንሶች መልክ ነበር፤ ፅንሶቹን ተሸክመው የወለዱት ቦራን ላሞች ናቸው። ኸሪ ኖይስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ሁለቱ ዝርያዎች ትሪፓኖሶማ ኮንጎሌንሴ ከተሰጣቸው በኋላ የጂኖቻቸው መገለጥ እንዴት እንደተለወጠ ተመርምሯል። ከሌሎች የዘረመል ማስረጃዎች ጋር ሲዛመድም «ኤ.አር.ኤች.ጋፕ15» እና «ቲካም1» የተባሉ ሁለት ጂኖች የመቋቋሙ ምክንያት ሊሆኑ እንደሚችሉ ተጠቁሟል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ማብራሪያ የዚያን ጥናት ውጤት የሚተርክ አይደለም። እንዲህ ያለ መረጃ የያዘ ሰው ሲያቧድን በየደረጃው ምን እየወሰነ እንደሆነ ለማሳየት ነው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው «መመሳሰል ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ለማስረዳት ያህል የአራት ጂኖች ልኬት በአምስት ቀናት ተወስዷል እንበል፤ ቀናቱ 0፣ 7፣ 14፣ 21 እና 28 ናቸው። ጂን ሀ 1፣ 2፣ 6፣ 3፣ 1 ይላል። ጂን ለ 10፣ 20፣ 60፣ 30፣ 10፤ ጂን መ 1፣ 1፣ 2፣ 6፣ 3፤ ጂን ረ ደግሞ 6፣ 5፣ 1፣ 4፣ 6 ይላል። ለ የሀ አሥር እጥፍ ነው። መ ሀን በአንድ እርምጃ ዘግይቶ ይከተላል። ረ የሀ ግልባጭ ነው፤ ሀ ሲወጣ ይወርዳል፣ ሀ ሲወርድ ይወጣል። አሁን የሀ የቅርብ ዘመድ ማን ነው?

በተለመደው የጂኦሜትሪ ርቀት ማለትም የልዩነቶቹን ካሬ ደምሮ ሥሩን በመውሰድ ከተለካ፣ ሀ ከመ የሚርቀው 5.5 ያህል፣ ከረ 9.2፣ ከለ ግን 64.3 ነው። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ሀ በቅርፅ አንድ ከሆነው ከለ ይልቅ ተቃራኒው ለሆነው ለረ ይቀርባል። ሚዛኑ መጠንን እንጂ አካሄድን አይመለከትምና። በዚህ ፈንታ የተዛምዶ መለኪያ ከተወሰደ ሀ ከለ ጋር 1፣ ከረ ጋር ‑1፣ ከመ ጋር 0.13 ይሆናል። ለ የሀ መንታ ሆነ፤ ዘግይቶ የሚከተለው መ ደግሞ ባዕድ መሰለ። የተዛምዶው ምልክት ከተጣለና ጥንካሬው ብቻ ከተቆጠረ ረም ከሀ ጋር አንድ ዘለላ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ተቆጣጣሪ አንዱን ጂን ሲቀሰቅስ ሌላውን የሚያፍን ከሆነም ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ አንዱም ስሕተት አይደለም፤ ሦስቱ የሚመልሱት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው። ኮምፒውተሩ አንድም ጂን ሳያቧድን የውጤቱ ግማሽ እዚህ ላይ ተወስኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማይክል አይሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 የእርሾን ጂኖች ሲያቧድኑ የመረጡት በተዛምዶ ላይ የተመሠረተ መለኪያ ነበር፤ የዛፍ ቅርፅና በቀይና አረንጓዴ የተቀባ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን የሚቀርቡበት ሥዕልም ከዚያ ወዲህ የዘርፉ መለያ ሆነ። የዛፉ አሠራር ቀላል ነው። በጣም የሚቀራረቡት ሁለቱ ጂኖች ይጣመራሉ፤ ጥምሩ እንደ አንድ ተቆጥሮ ቀጣዩ ቅርብ ይፈለጋል፤ ሁሉም አንድ እስኪሆኑ ይቀጥላል። ሌላው የታወቀ ስልት በ«ኬ‑ሚንስ» ስም የሚጠራው ነው። ተመራማሪው የዘለላዎቹን ቁጥር አስቀድሞ ይሰጣል፣ ስልተ ቀመሩ ያን ያህል መካከለኛ መስመሮችን ይዘረጋል፣ እያንዳንዱ ጂን ወደሚቀርበው ይሄዳል፣ መካከለኞቹ እንደገና ይሰላሉ፤ የሚንቀሳቀስ እስኪጠፋ ይደጋገማል። ስድስት ዘለላ የጠየቀ ስድስት ያገኛል፤ ስምንት የጠየቀም ስምንት። መረጃው በዘፈቀደ የተጣለ ቁጥር ቢሆንም «ዘለላ የለም» የሚል መልስ ከዚህ ስልት አይወጣም።

በዛፉ ረገድ የቋንቋ አጥኚዎች አስቀድመው የተማሩት ነገር አለ። ሊዮኔል ቤንደር እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በጋራ መሠረታዊ ቃላት መቶኛ ሲያቧድን፣ ሮበርት ሄትስሮን ደግሞ በቀጣዩ ዓመት የኢትዮ‑ሴማዊ ቋንቋዎችን በጋራ ሰዋስዋዊ ፈጠራዎች ሲለይ፣ ልዩነታቸው የዛሬዎቹን የጂን አጥኚዎች ክርክር ይመስላል። የመመሳሰል ብዛት አንድ ነገር ነው፣ የመመሳሰሉ ምንጭ ሌላ። አማርኛን በዓረፍተ ነገር ቅደም ተከተሉ ብቻ የሚያቧድን ስልት ከግእዝና ከዓረብኛ ለይቶ ከኦሮምኛና ከአገው ጋር ሊያስቀምጠው ይችላል። ዘለላው በእርግጥ አለ፤ የሚናገረው ግን ስለ ትውልድ ሳይሆን ስለ ጉርብትና ነው።

ወደ ጊዜ ስንመለስ፣ እስካሁን የተነሡት መለኪያዎች አንድ የጋራ እንግዳ ጠባይ አላቸው። በምሳሌው የ14ኛውና የ28ኛው ቀን ልኬት በአራቱም ጂኖች ላይ ቦታ ቢለዋወጥ አንድም ርቀት፣ አንድም ተዛምዶ አይለወጥም። ለእነዚህ መለኪያዎች ቀናቱ ተራ የሌላቸው አምስት ዓምዶች ናቸው። አምስቱ ዓምዶች አምስት ቀናት ሳይሆኑ አምስት የተለያዩ ላሞች ቢሆኑም ስሌቱ ያው ነው። ጊዜን ለመለካት ብዙ ተደክሞ፣ ደም በየቀኑ ተቀድቶ፣ በመጨረሻ ጊዜን የማያውቅ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አሳዛኝ ብክነት ነው።

ችግሩን የሚያባብሰው የተከታታዩ አጭርነት ነው። ጄሰን ኧርንስትና ዚቭ ባር‑ጆሴፍ ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳመለከቱት፣ በጊዜው በአንድ ትልቅ የማይክሮአሬይ ክምችት ከነበሩት የጊዜ ተከታታይ ሙከራዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከስምንት ያልበለጡ የጊዜ ነጥቦች ነበሯቸው። የዚህን ትርጉም ቀላል ሒሳብ ያሳያል። አምስት ቀናት አራት እርምጃዎች አሏቸው፤ በየእርምጃው መስመሩ ወይ ይወጣል፣ ወይ ይወርዳል፣ ወይ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ሊኖሩ የሚችሉት ቅርፆች በጠቅላላው 81 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የላም ጂኖም ቢያንስ 22,000 ጂኖች እንዳሉት ተገምቷል። ሁሉም በዘፈቀደ፣ በእኩል ዕድል ቢከፋፈሉ ለእያንዳንዱ ቅርፅ 270 ያህል ጂን ይደርሰዋል። ስለዚህ 270 ጂኖች አብረው ወጥተው አብረው ወረዱ ማለት ብቻውን ምንም ማስረጃ አይሆንም። የእነ ኧርንስት መፍትሔ ቅርፆቹን አስቀድሞ መዘርዘርና የቀናቱን ተራ ደጋግሞ እያተራመሱ በእያንዳንዱ ቅርፅ ምን ያህል ጂን በአጋጣሚ ሊወድቅ እንደሚችል መገመት ነው። በትክክለኛው ተራ የተገኘው ብዛት ከአጋጣሚው በግልጽ ሲበልጥ ብቻ ዘለላው ይጠበቃል። ቀድሞ ተራ ምንም አይለውጥም ነበር፤ እዚህ ግን ተራው ራሱ መፈተኛ ሆኗል።

ዘግይቶ የሚከተለው መ ግን ገና መልስ አላገኘም። ለእርሱ የሚሆነው መሣሪያ የመጣው ከቋንቋ ጥናት ጎረቤት ነው። አንድ ሰው አንድን ቃል ሁለት ጊዜ ሲናገር ፍጥነቱ አይመሳሰልም፤ አንዱ አናባቢ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ሁለቱን ቅጂዎች በሰዓት ነጥብ በነጥብ ማነጻጸር ስለማያዋጣ፣ የኪየቩ ታራስ ቪንትሲዩክ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ጃፓናውያኑ ሳኮዌና ቺባ ደግሞ በ1978 በጣም በታወቀው ጽሑፋቸው፣ አንዱን ቅጂ በየቦታው እየሳቡና እያጠፉ በሌላው ላይ የሚያስተኙበትን ስሌት አቀረቡ። ይህ ጽሑፍ ስሌቱን «የጊዜ ማጣጣም» ይለዋል። ጆን አክና ጆርጅ ቸርች እ.ኤ.አ. በ2001 ይህንኑ ለተናጋሪ ድምፅ የተሠራ መሣሪያ ወደ ጂን መገለጥ አሻገሩት። በምሳሌው የሀ የመጀመሪያ 1 በመ ሁለት 1ዎች ላይ ይዘረጋል፤ 2 በ2፣ 6 በ6፣ 3 በ3 ላይ ያርፋል፤ የሚተርፈው የመጨረሻው 1 ከ3 ጋር ተጣምሮ የ2 ልዩነት ይቀራል። በተዛምዶ ባዕድ የነበሩት ሀና መ ዘመዳሞች ሆኑ።

አማርኛ ተናጋሪ ግን እዚህ ላይ ሊጠራጠር ይገባዋል። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ይላል፤ ሲጠብቅ በዓል ይሆናል። ፊደሉ ጥብቀትን አይጽፍም፤ ጆሮ ግን ይለየዋል፣ የሚለየውም በአብዛኛው በርዝመት ነው። ርዝመትን እንደ ፈቀደ የሚስብና የሚያሳጥር ስሌት ላልቶ የተነገረውንና ጠብቆ የተነገረውን አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪን ከፍጥነት መለዋወጥ የሚያድነው መሣሪያ ከአማርኛ ትርጉም ይሰርቃል።

በከብቶቹም ያው ነው። አንድ የመከላከያ ጂን በእንዳማ በ14ኛው ቀን፣ በቦራን በ21ኛው ቀን ከፍ አለ እንበል። የመስመሮቹ ቅርፅ አንድ ነው፤ የጊዜ ማጣጣም ሁለቱን ያለ ችግር አንድ ዘለላ ውስጥ ያስገባቸዋል። ነገር ግን አንዱ በሬ ቆሞ የሚያርሰው፣ ሌላው የሚወድቀው በዚያች የሰባት ቀን ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስሌቱ እንደ እንከን ያስተካከለው የሚፈለገውን ነገር ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ ተቆጣጣሪ ጂን ከሚቆጣጠራቸው ቀድሞ መነሣቱ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ መዘግየትን አልፎ ዘመዳሞችን ማገናኘት ይጠቅማል። ሁለት ዝርያዎች ሲነጻጸሩ ግን መዘግየቱ መጠፋት የለበትም። ሳኮዌና ቺባም ቢሆኑ ለመሳቡ ወሰን አበጅተውለታል፤ አንዱ ነጥብ ከሌላው ከተወሰነ ርቀት በላይ እንዳይጣመር ጠባብ መስመር ሠርተዋል። ለጂን መረጃ የሚሻለው ወሰኑን ማጥበብ ብቻ አይደለም፤ ከማጣጣሙ በኋላ እያንዳንዱ ጂን ስንት ቀን እንደተሳበ መዝግቦ፣ ቅርፁን በአንድ ዓምድ፣ መዘግየቱን በሌላ ዓምድ ማቅረብ ነው። ጥብቀትን በፎነቲክ ጽሕፈት የሚያመለክት አጥኚ ይህን ልማድ ያውቀዋል።

የመጨረሻው ችግር ከሁሉ ይልቅ የሚሸሸግ ነው፤ እርሱን ለማየት ወደ ኪሊማኒ መመለስ ይጠቅማል። በዚያ ሰፈርና በአጎራባቹ ኸርሊንግሃም ለዓመታት የኖሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ አዲስ የሚመጡም አሉ። አንድ አጥኚ በሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚሰማውን አማርኛ በየስድስት ወሩ እየቀዳ የስዋሂሊ ውስጥ ቃላትን ቆጠረ እንበል። በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙዎቹ የስዋሂሊ ቃላት አብረው ቀነሱ፤ ስልተ ቀመሩም ሁሉንም በአንድ «ወራጅ» ዘለላ ውስጥ አስገባቸው። አጥኚው ማኅበረሰቡ ስዋሂሊን እየተወ ነው ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ማንም አነጋገሩን አልለወጠ ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጡ ሰዎች ቁጥር ጨምሮ የተቀዳው ድምፅ ድርሻ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ደምም እንዲሁ ነው። የከብት ነጭ የደም ሕዋሳት አንድ ዓይነት አይደሉም። ኢንፌክሽን ሲገባ የአንዱ ዓይነት ድርሻ ይበዛል፣ የሌላው ያንሳል። የ«ቢ» ሕዋሳት ብዛት ከጨመረ፣ በእነዚህ ሕዋሳት ብቻ የሚገለጡ ጂኖች በሙሉ በልኬቱ ላይ አብረው ይወጣሉ፤ ውብ፣ ጥብቅ፣ በማንኛውም ፈተና የማይወድቅ ዘለላ ይሠራሉ። በአንዱም ሕዋስ ውስጥ ግን የአንድም ጂን ትእዛዝ አልተለወጠም። ዘለላውን ያያያዘው ግንድ የጂን ቁጥጥር ሳይሆን የሕዝብ ብዛት ነው። ያም ቢሆን ስለ በሽታው የሚናገረው አለ፤ የቦራን ደም ከእንዳማ በተለየ መንገድ ሕዋሳትን ካበዛ ይህ ራሱ ግኝት ነው። በመልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ልኬት ብቻ ግን ሁለቱን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከዚያው የደም ናሙና ላይ በዚያው ቀን የየዓይነቱ ሕዋስ ብዛት ተቆጥሮ ከልኬቱ ጎን መቀመጥ አለበት፤ የኪሊማኒው አጥኚም በየቅጂው ላይ ማን እንደተናገረና ናይሮቢ መቼ እንደመጣ መመዝገብ እንዳለበት ሁሉ።